ማስትሪክት የላይኛው አየር ክልል መቆጣጠሪያ ማዕከል

በኔዘርላንድስ፣ ማስትሪክት ከተማ አጠገብ ቤክ በተባለ ስፍራ የሚገኝ፣ በአውሮፓ የአየር ጉዞ ደኅንነት ድርጅት በዩሮኮንትሮል የሚተዳደር የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል። ሥራ የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። የቤልጅየምን፣ የሉክሰምበርግን፣ የኔዘርላንድስንና የሰሜን ምዕራብ ጀርመንን ሰማይ ከ24,500 ጫማ በላይ ይቆጣጠራል፤ ከዚያ በታች ያለው የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ድርሻ ነው። አራት አገሮች የላይኛውን ሰማያቸውን ለአንድ ማዕከል መስጠታቸው ድንበር በሚከበርበት ዓለም ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

ክልሉ ብራስልስ፣ ዴኮ እና ሃኖቨር በሚባሉ ሦስት የሴክተር (የሰማይ ክፍል) ቡድኖች ተከፍሏል። ሴክተር ወለልና ጣሪያም ስላለው በአንድ ቦታ ላይ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረቡ ሴክተሮች ይኖራሉ። በረራ ሲበዛ ይከፋፈላሉ፤ ሌሊት ጭር ሲል ይጣመራሉ። በእያንዳንዱ ሴክተር ሁለት ተቆጣጣሪዎች ይቀመጣሉ፦ አንዱ አብራሪዎቹን በሬዲዮ ያነጋግራል፣ ሌላው ከአጎራባች ሴክተሮች ጋር ርክክቡን ያቅዳል።

አውሮፕላኖች በአግድም ቢያንስ 5 ኖቲካል ማይል፣ ካልሆነም በከፍታ 1,000 ጫማ መራራቅ አለባቸው። እስከ ጥር 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ29,000 ጫማ በላይ የሚጠየቀው የከፍታ ልዩነት 2,000 ጫማ ነበር፤ ለውጡ እስከ 41,000 ጫማ ባለው ሰማይ ላይ ስድስት ተጨማሪ የበረራ ከፍታዎችን አስገኝቷል።