የአመክሮ ማቆያ ትእዛዝ

የአመክሮ ማቆያ ትእዛዝ በዩናይትድ ስቴትስ በአመክሮ የተፈታ ሰው በአዲስ ወንጀል ሲጠረጠር ወይም የአመክሮ ግዴታውን ጥሷል ሲባል፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ታስሮ እንዲቆይ የሚያደርግ ማዘዣ ነው። አመክሮ ቅጣቱን አይሰርዝም፤ ተፈቺው ቀሪ ጊዜውን ከእስር ቤት ውጭ በክትትል ሥር ይፈጽማል። ስለዚህ ትእዛዙ ከአዲሱ ክስ የተለየ ነው። ፍርድ ቤት ለአዲሱ ክስ ዋስትና ቢፈቅድና የዋስትናው ገንዘብ ቢያዝም፣ ማቆያው ካልተነሳ ተጠርጣሪው አይለቀቅም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 በሞሪሲና ብሩወር መዝገብ የአመክሮ መሻር ተገቢውን የሕግ ሥነ ሥርዓት መከተል እንዳለበት ወስኗል። በውሳኔው መሠረት በቂ ምክንያት መኖሩ አስቀድሞ ይጣራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተፈቺው የተባለውን ጥሰት በጽሑፍ የማወቅ፣ የመሰማትና ማስረጃ የማቅረብ መብት አለው። ለመሻር የሚጠየቀው የማስረጃ ደረጃ ለወንጀል ጥፋተኝነት ከሚጠየቀው ዝቅ ስለሚል፣ በአዲሱ ክስ ነፃ መባል አመክሮው እንዳይሻር ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም።

ዝርዝር ደንቡ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ፣ በማቆያ ትእዛዝ የተያዘ ሰው ሊለቀቅ ይችል እንደሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ በፍርድ ቤት እንዲታይ ደንግጓል።