እንግሊዝኛ በስሜን ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወስደው ጎዳና ሲወሳ፣ ዘወትር የሚነገረው የተራራው ግርማ ነው። አንድ ልጅ ለባዕድ ቋንቋ እንግዳ ሲሆን የራሱን ይዞ ይግባ ወይስ ጥሎ ይግባ? ለሚለው ጥያቄ ግን ይህ አገር ከትምህርት ቤቶቹ ቀድሞ የታሪክ ምስክርነት ሰጥቷል።

እንግሊዛዊው ጆን ቤል አማርኛ ተምሮ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ሊቀ መኳስ ተብሎ ኖረ። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሸፈተው ከጋረድ ጋር በደባርቅ አካባቢ በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ጎን ወደቀ። የባዕዱን ቋንቋ የተማረው በፈቃዱ ነበር፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውን አላስጣለውም።

ሁለተኛው ታሪክ መራራ ነው። የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ የሆነው ልዑል ዓለማየሁ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገድ አረፉ። ልጁን የተረከበው፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ተደግፈው ሳይደርሱት አልቀሩም። ይሁንና መንግሥቱ ሕፃኑን ከስፒዲ ነጥሎ ወደ ቼልተናም፣ ኋላም ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ላከው። አያቱ ወይዘሮ ላቅያዬ ስለ ደኅንነቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ። እንግሊዝኛን ተምሯል፤ የተማረበት መንገድ ግን የቀድሞ ዓለሙን በማፍረስ ላይ የቆመ ነበር። ቅኝ ገዢዎች በብዙ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የተገኘውን ተማሪ ይቀጡ የነበረውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም። ቢሆንም ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ሲይዝ፣ የገበሬው ልጅ ሒሳብንና ጂኦግራፊን በማያውቀው ቋንቋ መጋፈጥ ግድ ሆነበት። በ1956 ዓ.ም. ግድም አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ መሆኑ ለደባርቅና ለዳባት ልጆች ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አማርኛ ለማይናገሩት ብሔረሰቦች ልጆች ግን ሸክሙ እንዳለ ቀረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። የቴሌቪዥኑ መምህር ተማሪው ባይገባውም ቆም ብሎ አይጠብቅም ነበር።

ድንጋጌው በክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት «ዩ» የምትለዋን አጭር ቃል መመልከት ይበቃል። አማርኛ የዳባትን ልጅ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን እያስለየ አሳድጎታል። መምህሩን፣ አብሮት በግ ከሚጠብቀው ጓደኛው ጋር፣ በአንድ «ዩ» መጥራት ብልግና ይመስለዋል። አንደበቱ ቢያዝ ስንፍና አይደለም። ግሡን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማስቀመጡም ሆነ «ስኩል» የሚለውን «እስኩል» ማለቱ ከሚያውቀው ሰዋስው የመነጨ ነው። ይህን የተረዳ መምህር ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጽፎ፣ ግሡ ከየት ወዴት እንደ ተሻገረ በጠመኔ ያሳያል። ያልተረዳው «ድገም!» ይላል፤ ልጁም ይደግማል።

በዚህ አገር መምህሩ ሌላም መነሻ አለው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ዓ.ም. ስሜንን ተዘዋውሮ አጥንቶ፣ ዋልያንና ጭላዳን በአገሬው ስማቸው ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። እንግሊዝኛም ሁለቱን ስሞች ወረሰ፤ ጭላዳውን ግን «ጀላዳ» ብሎ አጣመመው። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቃላት የሚከፍት መምህር በደባርቅ ቢገኝ፣ አነጋገሩን የሚያርሙት ተማሪዎቹ ይሆናሉ።