የሰንጠረዥ ጨዋታ ክብርና የመልካም አጨዋወት መለኪያ

ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ክብር የአጨዋወትን ብልጫ በእርግጥ ይመዝናልን? ጥያቄው በኮምፒዩተር መረብ ከሚካሄዱት ጨዋታዎች ጋር የመጣ ቢመስልም፣ በሀገራችን የቆየ መሠረት አለው። ለዚህም በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረው የሰንጠረዥ ጨዋታ ምስክር ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ ቬኔስያዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር በ16ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ የመንገደኞች ማስታወሻ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም፣ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ጨዋታው ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን በጥናት አቅርበዋል።

በዚህ ጨዋታ ማሸነፍና መከበር አንድ አልነበሩም። በደር ወይም በፈረስ የተቃራኒን ንጉሥ መውጫ ያሳጣ ሰው ቢያሸንፍም፣ አሸናፊነቱ ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይታይ ነበር። በፈርዝ ወይም በፊል የረታ የተሻለ ይመሰገናል፤ በተራ ወታደር የረታ ግን ከሁሉ በላይ ይደነቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደርና ፈረስ ብርቱዎች ሲሆኑ፣ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊልም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ከመዝለል አያልፍም። በደካማ ኃይል ለመርታት ብዙ እርምጃ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

ሆኖም መለኪያው ጉድለት ነበረው። ጨዋታው የሚጀመረው ወረራ በሚባለው ክፍል ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት ነው። ብዙ ጊዜ የድሉ መሠረት የሚጣለው በዚሁ ሰልፍ ሲሆን፣ ልዩ አድናቆቱ ግን ከመጨረሻዋ እርምጃ ጋር ተቆራኘ። ከዚህም የተነሣ ሙገሳ የሚሻ ተጫዋች የተረጋገጠ ድልን ትቶ ያማረ ድልን እንዲያሳድድ ሊገፋፋ ይችላል።

ጉድለቱ ይህን ያህል ቢሆንም ክብሩ ዋጋ አላጣም። ገበታው በሁሉ ፊት የተዘረጋ ነው፤ መለኪያው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያልተመሰገነ ድልም ድልነቱ አይፋቅም። በአንጻሩ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የክብር አሰጣጥ፣ አጋዥነትን፣ ወዳጅነትንና ትብብርን የሚያወሳ ነበር። ይህ ጠባይን ያመለክታል እንጂ ችሎታን አይመዝንም፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ፍርዱ ይሳሳታል።

ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲመዛዘኑ የሚያደርግ መምህር ከዚህ ሦስት ነገር ይቀስማል። መለኪያው ከሥራው በፊት ይነገር፤ ምስጋናና ነጥብ ይለያዩ፤ ከውጤቱ ጋር የሥራው አካሄድም ይታይ። ይህ ካልተሟላ በክፍል ውስጥ የሚከበረው በደንብ የሠራው ሳይሆን ብዙ ወዳጅ ያለው ይሆናል፤ በዝምታ ሠራዊቱን ያሰለፈውም ተማሪ ሳይታይ ይቀራል።