ካንሰር ታክሞ የወጣን ሰው ማን ያጽናናው? ከታሪካችን የምንማረው



ከመስጂዳችን ጀማዓ አንዲት እናት የጡት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨረሱ። ቤተሰቡ ሰደቃ አወጣ፣ ሰፈሩም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ወዲህ ግን እኚህ እናት ከቤት መውጣት ተዉ፤ ከሴቶች ደርስም ቀሩ፤ እንቅልፍም ራቃቸው። ልጃቸው መጥታ ስትነግረን፣ ኢማሙን የምናግዝ እንደመሆናችን የሰጠናት መልስ «ሰብር ያድርጉ፣ ኢማናቸውን ያጠንክሩ በያቸው» የሚል ነበር። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ሰብር ዲናችን ነው፤ የተናገርነው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ደጋጎች ልቡ የተሰበረን ሕመምተኛ በአንድ ቃል አይሸኙትም ነበር። ያን ቀን የዘነጋነውን ታሪክ ዛሬ ለእናንተም ለራሳችንም እናስታውስ።

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 627) በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱን በቀስት ተመታ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉለት። ኢማሙ ቡኻሪ እንደዘገቡት ይህን ያደረጉት በቅርብ ሆነው ሊጠይቁት ብለው ነው። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያም በሲራ መጻሕፍት ስሟ ተመዝግቧል። ሰዕድ ከዚያ ቁስል አልተነሳም፤ ወደ አኺራ ሄደ። ድንኳኑ ግን ከንቱ አልቀረም። ሰዕድ የተኛው ከሰው ርቆ ሳይሆን ሰጋጆች በሚመላለሱበት ቦታ፣ ወዳጆቹ በአጠገቡ ሆነው ነበር። እኛ ዘንድ ግን የታመመው ከመስጂድ ሲቀር «የት ደረሰ?» የሚል ስንት ሰው አለ?

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባል ዓሊም ተነሳ። በበልኽ አቅራቢያ ተወልዶ በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 934) ያለፈ ሰው ነው። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተሰኘው ኪታቡ ከፊሉ ስለ አካል፣ ከፊሉ ስለ ነፍስ ጤና ነው። የዘመኑን ሐኪሞች አካልን ብቻ አክመው ነፍስን ትተዋል ብሎ ይወቅሳል። አካል ሲታመም ነፍስ ትታወካለች፣ ነፍስ ስትታመምም አካል ደስታ ያጣል ይላል። የነፍስን ሕመም በአራት ከፈለው፦ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ወስዋስ። ሐዘንንም ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ምክንያቱ የታወቀ፣ ሌላው ሰውየው ራሱ ለምን እንዳዘነ የማያውቀው ነው አለ።

ሕክምናውስ? ሰው በጤናው ጊዜ መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡን የሚያረጋጉ ሐሳቦችንም አስቀድሞ ያዘጋጅ አለ። ሐዘኑ ሲበረታ ግን የራሱ ሐሳብ ብቻውን ላይበቃው ስለሚችል፣ የሚያምነው ሰው ከውጭ በንግግርና በምክር ያግዘው ዘንድ አስተማረ። ልብ በሉ፤ ይህ ዓሊም ያዘነውን ሁሉ በኢማን ድክመት አልጠረጠረም። ነቢዩላህ ያዕቁብስ (ዐ.ሰ) ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት የነጣ ነቢይ አልነበሩምን?

ካንሰርንም ቢሆን የቀደሙት ያውቁት ነበር። በዐረብኛ «ሰረጣን» ማለት ሸርጣን ማለት ነው። የቁርጡባው ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ ሕመሙ ገና ጀማሪ ከሆነና ከሥሩ መቆረጥ ከቻለ ይቆረጣል፣ የቆየና የገዘፈ ከሆነ ግን እኔም ያዳንኩት የለም፣ ሌላም ሲያድን አላየሁም ብሎ በኪታቡ በግልጽ ጻፈ። የዚያ ዘመን ሐኪም አቅሙን ደብቆ ሕመምተኛውን አላታለለም።

ሱልጣን ቀላውን ገና አሚር ሳለ በሻም ታሞ፣ ከደማስቆው ኑሪ ቢማሪስታን በመጣለት መድኃኒት ዳነ። ያን ሆስፒታል አይቶ፣ አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እንዲህ ያለ እሠራለሁ ብሎ ተሳለ። በ683 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1284) ካይሮ ውስጥ ስለቱን ሞላ። የወቅፍ ሰነዱ ቢማሪስታኑን ለወንድም ለሴትም፣ ለሀብታምም ለድሃም፣ ለነዋሪም ለእንግዳም ክፍት አደረገ። ድኖ የሚወጣ ልብስ እንዲሰጠው፣ ቤቱ ለተኛ ድሃም መድኃኒት እንዲደርሰው ደነገገ። ኀላፊነታቸው ሰውየው የሆስፒታሉን በር ሲያልፍ አላበቃም ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቴሬዝ ላሰር የምትባል አሜሪካዊት ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ክንዷን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ምን እንደምትለብስ፣ እንዴት እንደምትኖር የሚነግራት አጣች። ስለዚህ እርሷው እንደ እርሷ የታከሙ ሴቶችን በየአልጋቸው ትጎበኝ ጀመር። አንዳንድ ሐኪሞች ቢቃወሟትም አልተመለሰችም፤ በ1969 የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራዋን ተረከበ። በ1961 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከመቶ ዘጠና ያህል ሐኪሞች ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1977 ዶክተር ጂሚ ሆላንድ በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የነፍስን ሕመም የሚያክም ክፍል አቋቋመች። አል-በልኺ ከሺህ ዓመት በፊት የጠየቀው ነገር በዚህ መልክ ሆስፒታል ገባ።

ለብዙዎች ከባዱ ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ሕክምናው ሳለ ቀጠሮ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጠያቂ አለ። ሲያልቅ ሁሉም «ዳነ» ብሎ ይበተናል። ሰውየው ግን ትንሽ ባመመው ቁጥር «ተመለሰብኝ ይሆን?» እያለ ብቻውን ያድራል።

እኛም ወደ እኚያ እናት ቤት ተመለስን፤ በዚህ ጊዜ ግን ባለቤታችንንና ያው ሕመም ያገኛቸውን አንዲት እህት ይዘን ነበር። ሴቶቹ ውስጥ ገብተው ሁለት ሰዓት ቆዩ። ስለ ክንድ ማበጥ፣ ከሒጃብ ሥር ስለሚለበሰው፣ ስለ ሌሊቱ ፍርሃት ተጨዋወቱ አሉን። እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጣን፤ ለልጃቸውም አውፍ በይን አልናት። ባለፈው ሳምንት ደርስ ላይ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየጀማዓችሁ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ካለ ዚያራችሁን አታቋርጡ። ከመምከራችሁ በፊት አድምጡት። እንቅልፍ ካጣ፣ መኖር ካስጠላው ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ይህ ከሰብር ጋር አይጣላም፣ ለሰውነት መድኃኒት መፈለግ የተፈቀደልን ለልብም ነውና።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፣ ልባቸውንም ያረጋጋላቸው። አሚን። ወሏሁ አዕለም።