የከፋ የትውልድ ቆጠራና የመዛግብት አደራ

የዘር ሐረግ ቆጠራ በሀገራችን የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ዘመን የነገሥታት ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ትውልድ እስከ ሰሎሞን ሲያደርስ፣ ንጉሡን በጉልበቱ የሚቀልበው ገበሬ አባቱንና አያቱን የሚቆጥረው በቃሉ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ በብራና ሰፍሮ ለዛሬ ደርሷል፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ባለፈ ቁጥር አብሮ ይቀበራል። ታሪካዊ መዛግብትን ጠብቆ ለትውልድ ተመራማሪዎች ለማካፈል ከለጋሾች የሚመጣው ገንዘብ የትኛውን ቆጠራ አዳነ? የትኛውንስ አልፎ ሄደ? ለዚህ ጥያቄ የከፋ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስ ቦንጋንና አንድራቻን መናገሻ አድርጎ ራሱን ችሎ ኖሯል። ታቶ የሚባለው ንጉሥ ከሚንጆ ጎሳ ይወጣል፤ ሚክሬቾ የተባሉት የጎሳ አማካሪዎችም ሥልጣኑን ይጋሩታል። ጎሳ የመሬት ይዞታን፣ ማዕረግንና ጋብቻን የሚወስን ሕግ ነበር። ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባምና፣ ጎጆ ለመውጣት እንኳ የሁለቱን ወገን ትውልድ ማወቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ ለከፋ ሕዝብ የመሬት መዝገብም የፍርድ ቤት ማስረጃም ነበር፤ የሚጠበቀውም በሽማግሌዎች አንደበት ነበር።

በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የምኒልክ ጦር ሀገሩን ሲይዝ ይህ መዝገብ ተበጠሰ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ በግዞት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1919 አረፈ። ዘውዱ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ተመለሰ። ሰፊው ሕዝብ በገባርነት ተከፋፈለ፤ ብዙው በጦርነትና በረሃብ አለቀ፤ ሌላው በባርነት ተሸጦ ስሙን በማያውቁ ሰዎች መካከል ተበተነ። ዘውድ ከሄደበት ይመለሳል። የተሸጠችው ልጅ የአባቷን ጎሳ ለልጆቿ ሳትነግር ካለፈች ግን ሐረጉን ማን ይቀጥለዋል?

ከዚያ ጥፋት በኋላ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ከጻፉት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከፋ ገብቶ የነገሥታቱን ተራ፣ የጎሳዎቹን ስምና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ከነባሮቹ አፍ መዘገበ፤ ሥራውም በሁለት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ታተመ። የቢበር ውለታ ሊካድ አይገባም። ሆኖም የዴቻ ወይም የጊምቦ ወጣት የቅድመ አያቱን ዘመን ለማወቅ ሲሻ፣ ሽማግሌው በከፊኛ የተናገረውን በጀርመንኛ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። መዝገቡ ተጠብቋል፤ ከባለቤቱ ግን ርቋል።

የለጋሾች ገንዘብ በሰፊው የገባበት ሥራ በሀገራችን የተጀመረው ለብራና ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ጥንታዊ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ሰብእ ድጋፍ ተቋም ወጪውን ደገፈ። ሥራው የሥርዓት ለውጥ ሳያግደው ቀጥሎ ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ቅጂው አዲስ አበባም ሚኒሶታም ተቀመጠ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን መርምረው በዝርዝር አሳወቁ። በእነዚህ መጻሕፍት ኅዳግ የሰፈረው የርስት ስጦታ፣ የውርስና የምስክሮች ስም ለትውልድ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብሪቲሽ ላይብረሪ በኩል የሚሰጠው የአርካዲያ ገንዘብም ዋናው ሰነድ ከሀገሩ እንዳይወጣ፣ ቅጂውም በሀገሩ እንዲቀር ያዛል። ይህ ከቢበር ዘመን እጅግ የተሻለ ደንብ ነው።

ነገር ግን ካሜራው የሚያነሣው የተጻፈውን ነው። የከፋ ሽማግሌ ብራና የለውም፤ መዝገቡ ራሱ ነው። በዚህ ረገድ ልንማርበት የሚገባን ሌላ ለጋሽ አለ። መቀመጫው አሜሪካ በዩታ የሆነው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የትውልድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 የዓለምን የልደትና የጋብቻ መዛግብት በፊልም ማንሳት ጀምሮ፣ ፊልሙን ከጥቁር ድንጋይ ተራራ በተፈለፈለ ግምጃ ቤት ያኖራል። ማኅበሩ ኋላ ጋናን በመሰሉ የአፍሪካ ሀገሮች ጠያቂዎችን ወደ መንደር እየላከ የሽማግሌዎችን የትውልድ ቆጠራ ማስቀረጽና ማጻፍ ጀምሯል። ዓላማው ከራሱ ሃይማኖት ይመነጫል፤ ለጋሽ ሁሉ የራሱ ዓላማ አለውና ይህን አውቆ መዋዋል የተቀባዩ ፋንታ ነው። ዘዴው ግን ለከፋ የሚስማማ ነው።

ከፋ ለጋሽ የማያውቅ ሀገር አይደለም። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ የጀርመን መንግሥትና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ናቡ ረድተዋል። ቡናው ከነዛፉ ይጠበቅ መባሉ መልካም ነው። ደኑን በጎሳና በስም ለይቶ የሚያውቀው ሽማግሌም እንደ ዛፉ ጠባቂ ያሻዋል።

ጊዜውም አይጠብቅም። በሀገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ልደታቸው በወረቀት የሰፈረው ልጆች ገና ናቸው፤ በእነርሱና ከ1897 በፊት በነበረው ትውልድ መካከል ያለው ድልድይ የአረጋውያን ትዝታ ብቻ ነው።

ሥራው ሲጀመር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። የትውልድ ቆጠራ ክብርን ብቻ ሳይሆን ቁስልንም ይናገራል። በባርነት የነበረው ማን እንደሆነ፣ ለዘመናት በንቀት የተገፋው የማንጆ ወገን ከማን ጋር እንደተዛመደ ይገልጣል። እንዲህ ያለው ቃል ለዓለም ሁሉ ቢከፈት በዛሬ ትዳር፣ በዛሬ ጉርብትና ላይ የድሮውን ጭቆና እንደገና ሊጭን ይችላል። ስለዚህ ማካፈል መልካም ቢሆንም ልክ ሊኖረው ይገባል። ተናጋሪው የትኛው ቃል ወዲያው እንዲከፈት፣ የትኛው ከዘመን በኋላ እንዲነበብ ራሱ ይወስን። የተገፉትም ወገኖች ከሌላው እኩል ይጠየቁ፤ የእነርሱ ሐረግ ከተዘለለ አዲሱ መዝገብ የድሮው ዜና መዋዕል ወንድም ይሆናልና።

ከለጋሽ ጋር የሚደረገው ውልም በሦስት ነገር ሊጸና ይገባል፦ ዋናው ቅጂ ቦንጋ እንዲቀመጥ፣ ቃሉ በከፊኛ ተጽፎ በአማርኛ እንዲተረጎም፣ ጠያቂዎቹም የአካባቢው ልጆች እንዲሆኑ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፊኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ እንደነበረ እናስታውስ። የማንበብ መብት ያኔ ታውጇል፤ የሚነበበውን የገዛ ታሪክ ማዘጋጀት ቀርቷል። ይህ የመምህሩ፣ የባህል ሠራተኛውና የከያኒው የጋራ አደራ ነው። የውጭ ገንዘብ መቅረጫውንና ግምጃ ቤቱን ሊገዛ ይችላል፤ ሽማግሌው ደጃፍ ደርሶ በአክብሮት የሚጠይቀው ግን የገዛ ልጁ መሆን አለበት።