ውሃውን ያናፈሰችው ልጅ

ባለፈው ስብሰባችን ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት እኅታችን ስለ አሠሪዎቿ ቤት አጫወተችን። ሳሎናቸው ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ አባወራው ዓሣዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ ይኮራባቸዋል። መስታወቱን የምትጠርገው፣ የጎደለውን የምትሞላው፣ ጨው መዝና የምትበጠብጠው ግን እርሷ ነበረች። ስትመለስ በሰጧት የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈው «የቤት ጽዳት» ብቻ ነው። ነገሩ ከነከነንና የአኳሪየምን ታሪክ ስናገላብጥ፣ ከመነሻው ሴቶችን አገኘን።

የመጀመሪያዋ ዣን ቪልፕሩ-ፓወር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1794 በፈረንሳይ ገጠር ተወልደው ፓሪስ ውስጥ በስፌትና በጥልፍ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በ1818 እንግሊዛዊ ነጋዴ አግብተው ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ኖሩ፤ የተፈጥሮ ጥናትንም ራሳቸውን አስተማሩ። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ አርጎናውት ስለሚባል ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ይከራከሩ ነበር፤ ስስ ቅርፊቱን ራሱ ይሠራዋል ወይስ የሌላ እንስሳ ቅርፊት ውስጥ ይገባል? ሞቶ የተቀመጠ እንስሳ ለዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ በ1832 የመስታወት ገንዳ ሠርተው፣ የባሕር ውሃ ሞልተው፣ እንስሳቱን በሕይወት ሳሉ ተከታተሉ። ቅርፊቷ ሲሰበር እንስሳዋ መልሳ ስትጠግነው አዩ። ቅርፊቱን የምትሠራው እርሷው ራሷ መሆኗም ተረጋገጠ።

ሁለተኛዋ በእንግሊዝ አገር የዌስትሚንስተር አቤይ ቄስ ባለቤት የነበሩት አና ታይን ናቸው። በ1846 ቶርኪ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች በማሰሮ ይዘው ለንደን ገቡ። ለንደን ከባሕር ሩቅ ናት፤ በየቀኑ አዲስ የባሕር ውሃ ማስመጣት አይቻልም። በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ደግሞ እንስሳቱ ኦክስጅን ያጥራቸዋል። መላው ያንኑ ውሃ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጡ ማናፈስ ሆነ። ይህ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። የሠሩት እመቤቲቱ አይደሉም፤ የቤታቸው ሠራተኛ ናት። አና ታይን በ1859 በታተመው ጽሑፋቸው ድካሙን አልካዱም፤ ልጅቱ ግን እንደ ጨዋታ ትቆጥረው ነበር ይላሉ። ስሟን አልጻፉም። ቆየት ብለው የባሕር አረም ጨመሩበት፤ ኮራሎቹም ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ኖሩ፣ ተራቡም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፋሽን ሆነ። በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የሕዝብ አኳሪየም ተከፈተ። በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባሉ ተመራማሪ ስለ አኳሪየም መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ጨዎችን ከውሃ ጋር በጥብጦ የባሕር ውሃ የሚሠራበትን መንገድም አስተማሩ። የእንግሊዝ ሳሎኖች በመስታወት ገንዳ ተሞሉ። ብዙዎቹ ግን ብዙም አልቆዩም፤ ውሃው ገማ፣ እንስሳቱ ሞቱ፣ በ1860ዎቹም ፋሽኑ ቀዘቀዘ። ገንዳ መግዛት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ማቆየት ግን የየዕለት ሥራ ነው።

ዛሬ ማናፈሱን ፓምፕ ይሠራዋል። ክትትሉን ግን አሁንም ሰው ነው የሚሠራው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም፤ ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ፣ ጨው በሌለው ውሃ ነው። በጨው ውሃ ቢሞላ ጨዉ በየቀኑ እየከበደ ሄዶ እንስሳቱን ይጎዳል። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ሲጠራቀም የውሃው ከፊል ይቀየራል። ከ300 ሊትር አንድ አሥረኛው ሲቀየር 30 ሊትር ነው፤ ለእርሱም ከ1 ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጨው ተመዝኖ አስቀድሞ ይበጠበጣል፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እኩል ይደረጋል። አልጌ ከመስታወቱ ይፋቃል፣ ማጣሪያው ይታጠባል፤ ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ ግን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውሃ ነው።

እኅታችን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቴርሞሜትር ታነባለች፣ የጨውን መጠን በመሣሪያ ትለካለች፣ መዝና ትደባልቃለች፣ የሠራችበትን ቀን በደብተር ትይዝ ነበር። ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነገር ሲጠየቅ እንዳልነበረ እንደሚቆጠር እናውቃለን። ያ «የቤት ጽዳት» የሚለው ቃል ደብተሯን በሙሉ ሰርዞታል።

ማኅበራችን ያላየውን ሥራ አይቻለሁ ብሎ ሊመሰክር አይችልም። አብረን ቁጭ ብለን ግን የሥራ ልምድ መግለጫዋን መስመር በመስመር ጻፍንላት፤ የለካችውን፣ የመዘነችውን፣ የመዘገበችውን። ተነቦ ሲያልቅ «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለች።

ከመካከላችን ሠራተኛ ያላቸውም አሉ። ሠራተኛችን ስትለቅ የምንጽፍላት ወረቀት ምን እንደሚል ከወዲሁ እናስብበት፤ «ታማኝ ናት» ማለት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አይበቃም። የሠራችውን እንዘርዝርላት፣ ስሟንም ከነአባቷ እንጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባችን ከቡናው በፊት አንድ ሰዓት ለዚሁ ሥራ ይዘናል፤ ተመልሳችሁ ሥራ የምትፈልጉ እኅቶች የነበራችሁበትን ቤት ሥራ እያስታወሳችሁ ኑ፣ እኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን እንጠብቃችኋለን።