ሰንሰለቱን የፈታው ማን ነበር? የአእምሮ ሕክምና ታሪክና የአስታማሚው ድርሻ

ነርስነት ከሚማሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የልብ ወይም የስኳር ሕመምተኞች ክፍል ሲመደቡ አይደነግጡም። የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተራ ሲደርስ ግን ፍርሃት ፍርሃት ይላቸዋል። አይፈረድባቸውም። በአገር ቤት «አማኑኤል ገባ» የተባለ ሰው ከሰው ተራ እንደወጣ ይቆጠር ነበር፤ ቤተሰቡም ነገሩን ከጎረቤት ይደብቃል። የመማሪያ መጻሕፍቱ የበሽታውን ስምና የመድኃኒቱን መጠን ይዘረዝራሉ እንጂ ሕክምናው እዚህ እስኪደርስ የመጣበትን መንገድ ብዙም አይተርኩም። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የአስታማሚዎች አሻራ ከሐኪሞቹ አያንስም።

በ1771 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ባፕቲስት ፑሳን የሚባል አንድ ቆዳ ፋቂ የአንገት ዕጢ ሕመም ይዞት ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል ገባ። ሙያው በእኛም አገር «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ የኖረው መሆኑን ልብ ይሏል። ፑሳን ዳነ፤ ነገር ግን ወደ ቆዳው አልተመለሰም፤ እዚያው ተቀጥሮ ቀረ። በ1784 አይድኑም የተባሉት የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ብዙዎቹ በብረት ሰንሰለት የታሰሩ ነበሩ።

ፑሳንና ባለቤቱ ማርግሪት የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። የነበራቸው ሕሙማኑን ቀንና ሌት የማየት ዕድል ነው። ማን መቼ እንደሚነሣበት፣ ማን በምን ቃል እንደሚረጋጋ ያውቁ ነበር። ፑሳን ሕመምተኛ መምታትን ከለከለ፤ የመታውንም ሠራተኛ አባረረ። በምትካቸው ድነው የወጡትን እየመረጠ ቀጠረ፤ መከራውን የቀመሰ ሰው በሌላው ላይ አይጨክንም ብሎ ነው። በ1793 ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ቢሴትር ሲመደብ ይህን ሁሉ አየ፤ ከፑሳንም ተማረ። ፒኔል በ1795 ሳልፔትሪየር ወደሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ተዛወረ፤ የቢሴትርን ሰንሰለት ፑሳን ያስፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1797 ነው። ፈጽሞ ልቅ አልተዋቸውም፤ በብረቱ ፋንታ እጅ የሚይዝ የጨርቅ ሸሚዝ አደረገ። ቢሆንም ሰው በግቢው ውስጥ ተነሥቶ ይራመድ ጀመር።

ታሪክ ግን ክብሩን ለፒኔል ሰጠው። በ1876 ቶኒ ሮበር ፍለሪ የሣለው ዝነኛ ሥዕል ላይም ጎልቶ የሚታየው ባለ ባርኔጣው ሐኪም ነው። ፒኔልን መውቀስ አይገባም፤ በመጽሐፉ የፑሳንን ውለታ በግልጽ ጽፏል፤ በ1802ም ወደ ራሱ ሆስፒታል አስመጥቶታል። የረሱት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የተነሣችው ዶሮቲያ ዲክስም ሐኪም አልነበረችም፤ አስተማሪ ነበረች። በ1841 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ እስር ቤት ለማስተማር ገብታ ወንጀል ያልሠሩ የአእምሮ ሕሙማን ከወንጀለኞች ጋር ተቆልፎባቸው አገኘች። ከዚያ በኋላ ግዛቱን እየዞረች ያየችውን መዝግባ በ1843 ለምክር ቤቱ አቀረበች። በዋሽንግተን ዲሲ በ1855 የተከፈተው ሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታልም የእርሷ ጥረት ፍሬ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ግን የሚያኮራ አይደለም። በ1936 በዚያችው በዋሽንግተን ሐኪሞች የአንጎልን የፊት ክፍል ቆርጦ የማለያየትን ቀዶ ሕክምና ጀመሩ፤ የፈጠረውም ፖርቱጋላዊ ሐኪም በ1949 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ብዙ ሰዎች ጸጥ ብለው ቀሩ፤ ጸጥታው ግን መዳን አልነበረም።

በዚያው በ1949 አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ ሊቲየም የሚባለው ተራ ጨው ከልክ ያለፈ የስሜት ግለትን እንደሚያበርድ አሳወቀ። ሊቲየም ዛሬም ያገለግላል፤ መጠኑ ግን በደም ምርመራ ይጠበቃል። በጾም፣ በተቅማጥ ወይም በሙቀት ውሃ ያጠረው ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ወደ መርዝነት ሊደርስ ይችላልና፣ ወገኖቻችንን የሚያስታምም ነርስ ስለ ጾም መጠየቅ አለበት። በ1952 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ደሌና ዴኒከር የተባሉት ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚንን ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡ። የሌለ ድምፅ ይሰሙ የነበሩ፣ ለዓመታት ከሰው የማይነጋገሩ ሕሙማን መነጋገር ጀመሩ። አገር ቤት ላርጋክቲል፣ አሜሪካ ቶራዚን የተባለው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሰውነት ማድረቁ፣ እጅ ማንቀጥቀጡ አልቀረም፤ ብዙዎች ክኒኑን የሚጥሉትም በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሁልጊዜ በእምቢተኝነት አይደለም።

በዚያው በ1952 ሒልደጋርድ ፔፕላው የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በነርስና በሕመምተኛ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ ሕክምና መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ከአራት ዓመት በፊት አልቆ ነበር። የዘገየው ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪነት እንዴት ትጽፋለች ተብሎ ነው! ዛሬ ተማሪዎቹ «የሕክምና ንግግር» እያሉ የሚፈተኑበት ትምህርት አብዛኛው መሠረቱ የእርሷ ሥራ ነው።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት ልዩ ሐኪም ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ነርሶችን ለአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ በ1987 ነበር። ሠልጣኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ። ከጸበል የተመለሰውንም፣ ዘመዶቹ በገመድ አስረው ከገጠር ያመጡትንም የሚቀበሉት እነሱ ነበሩ፤ ልዩ ሐኪም በሌለበት መርምረው፣ በሽታውን ለይተው፣ መድኃኒቱንም ራሳቸው ያዙ ነበር።